የጽዳት ጠባሳ

ዕቃን የሚጎዳው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ተወዶና ተጠብቆ የሚኖር ዕቃ በዚያው በሚጠብቀው እጅ ሲጎዳ ማየት የተለመደ ነው። መጽሐፍ በገላጩ ጣት ያረጃል፤ የብር ጌጥ በመወልወያው ጨርቅ ይሳሳል፤ የሥዕል ወረቀት በላጲስ ይቆስላል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ ዓይነት ጉዳት ስለ አንዱ፣ ይኸውም በመኪና ቀለም ላይ ስለሚታየው የሸረሪት ድር መሰል ጭረትና ስለ አወጋገዱ አንዳንድ ነገር ለማቅረብ አስቤአለሁ። አንባቢ «ይህ የጋራዥ ጉዳይ እንጂ የኪነ ጥበብ መጽሔት ጉዳይ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ የቀለም፣ የብርሃንና የእጅ ጉዳይ ነው፤ ከሦስቱ ውጭ የሆነ የሥዕል ትምህርት ደግሞ በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ሥራዬ አላጋጠመኝም።

ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባች መኪና በቀትር ፀሐይ ቆማ ስትታይ፣ የፀሐይ ምስል በኮፈኑ ላይ በወደቀበት ቦታ ዙሪያ እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ክብ መስመሮች ተደራርበው ይታያሉ። በደመና ቀን ይሰወራሉ፤ በጥላ ሥር አይታዩም፤ ማታ በነዳጅ ማደያ መብራት ሥር ግን እንደገና ብቅ ይላሉ። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱን ጠጠር፣ የሕፃናትን እጅ ወይም የቀለሙን ጥራት ማነስ ይከሳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹን ጭረቶች ያመጣው በየማለዳው አቧራውን የሚያነሣው ጨርቅ ነው።

በአገራችን የመኪና ዕድሜ ረጅም ነው። በሌላ አገር ተነድቶ የመጣ ኮሮላ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያገለግል፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን የማስገቢያ ዋጋ እጅግ አንሮታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በመንግሥት ተገልጿል። ይህም በመሆኑ በእጅ ያለችው መኪና በቀላሉ የማትተካ የቤተሰብ ሀብት ሆናለች። ሀብት የሆነ ነገር ይጠረጋል፤ በተጠረገ ቁጥርም ይጫራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጉዳዩን በቅርብ ለማወቅ ዕድል የገጠመው በታላቅ እኅቱ ቤት ነው። ባለቤቷ በጡረታ እስከ ተገለሉበት ጊዜ ድረስ የመሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ትተው አልፈዋል። በሕይወት ሳሉ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወደ ግቢ ወጥተው መኪናዪቱን በአሮጌ ፎጣ ቁራጭ መጥረግ የማያስታጉሉት ልማድ ነበር። ሰው ሰላም ቢላቸው ፎጣው ሳይቆም አጸፋውን ይመልሱ ነበር። ዘንድሮ ልጆቻቸው የታናሽ እኅታቸውን የዩኒቨርሲቲ ወጪ ለመሸፈን መኪናዪቱን ለመሸጥ ተስማሙ። ከመሸጧ በፊት ደግሞ ትወልወል ተባለ። እኔም «አንተ ስለ ቀለም ታውቃለህ» ተብዬ ሥራውን እንድከታተል ታዘዝሁ።

መኪናዪቱን የወሰድንለት ባለሙያ በመገናኛ አካባቢ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የሚሠራ፣ ዕድሜው ሠላሳ የሚሆን ወጣት ነው። ሥራውን የጀመረው በላቫጆ ውኃ በማመላለስ እንደ ነበር ነግሮኛል። መኪናዪቱን አስቀድሞ አጠበና ከጥላ አስገብቶ፣ የእጅ መብራት አበራባት። «ጋሼ፣ ክቦቹን ይመልከቷቸው» አለኝ። መብራቱን ወደ ግራ ሲያንቀሳቅስ ክቦቹ ተከትለውት ወደ ግራ ሄዱ፤ ወደ ቀኝ ሲመልሰው አብረውት ተመለሱ። ጭረቱ በእርግጥ ክብ ቢሆን ኖሮ ከቦታው ባልተነቃነቀ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በቀለሙ ላይ ያሉት ጭረቶች በሺህ የሚቆጠሩ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተሰመሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት በብርሃኑ ምስል ዙሪያ አግድም የተኙት ብቻ ሲሆኑ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ዓይን የተናገሩትን ብቻ አገናኝቶ ክብ ያደርጋቸዋል። ለብዙ ዘመን በታጠበ የብረት ትሪ ላይ አምፖል ሲበራ ተመሳሳዩን ማየት ይቻላል። «በክብ አትጥረግ፣ ቀጥ አድርገህ ጥረግ» የሚለው የተለመደ ምክር እንግዲህ በራሱ መፍትሔ አይሆንም፤ ቀጥ ብሎ የተጠረገውም ይጫራልና።

ጫሪው ጨርቁ ብቻውን አይደለም፤ ጨርቁ የሚጎትተው አቧራ ነው። በአቧራ ውስጥ የኳርትዝ ቅንጣት አለ። ኳርትዝ የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት በሞስ ሚዛን 7ኛ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ ለማነጻጸር ያህል የተለመደው የመስኮት መስተዋት ከ6 እምብዛም አያልፍም። መስተዋትን የሚጭር ቅንጣት ከመስተዋት እጅግ የለሰለሰውን የመኪና ቀለም ቢጭር አያስደንቅም። ደረቅ ጨርቅ በአቧራማ ኮፈን ላይ ሲያልፍ እንግዲህ በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጎ እንደ መሞረድ ነው። በአንድ ባልዲ ውኃና በአንድ ስፖንጅ አራትና አምስት መኪና ማጠብም ከዚህ አይሻልም፤ ከመጀመሪያዪቱ የወረደው ጭቃ ለአራተኛዪቱ ይተርፋል። በዚህ ረገድ ላቫጆ ውስጥ የሚሠሩትን ወጣቶች ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ውኃ በወረፋ በሚመጣበት ሠፈር ውኃን መቆጠብ ግዴታ ነው፤ ባለ መኪናውም ቢሆን የሚከፍለው ለፍጥነት እንጂ ለጥንቃቄ አይደለም።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን፤ ጭረት እንዴት ይጠፋል? ብዙዎች ጭረት እንደ ቆሻሻ የሚነሣ፣ ወይም እንደ ግድግዳ ስንጥቅ የሚሞላ ነገር ይመስላቸዋል። ሁለቱም አይደለም። ጭረት ማለት ከቀለሙ የጎደለ ነገር ነው። የጎደለውን መልሶ መትከል አይቻልም። የሚቻለው በዙሪያው ያለውን ቀለም እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ቦዩ አይሞላም፤ ሜዳው ዝቅ ይላል።

ሜዳው ምን ያህል ውፍረት አለው? ከላሜራው በላይ መነሻ ቀለም፣ በዚያ ላይ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ግልጽ ልባስ አለ። ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ሁሉ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል። ግልጹ ልባስ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ የሰው የራስ ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ የመኪና ውበት ሁሉ የተንጠለጠለው ከአንድ ፀጉር በቀጠነ ሽፋን ላይ ነው ማለት ነው። የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት ጥልቀቱ ጥቂት ማይክሮን ስለሆነ ሊወገድ ይችላል። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ግን ጥልቅ ነው፤ እርሱን ጨርሶ ለማጥፋት መሞከር ልባሱን ጨርሶ ማጥፋት ይሆናል።

ቀለም ራሱም ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች እንደ ሠረገላ በብሩሽ ቬርኒሽ ይቀቡ ስለ ነበር፣ ሥራው እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱኮ የተሰኘውን በቶሎ የሚደርቅ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም አወጣ፤ ጄኔራል ሞተርስም ኦክላንድ በተባሉት መኪናዎቹ ላይ አዋለው። ይህ ቀለም ከደረቀ በኋላ በኮምፓውንድ ካልተወለወለ በሚገባ አያበራም ነበርና ውልወላ የመኪና ቀለም ሙያ አካል ሆነ። በሌሎችም የድሮ ቀለሞች መልኩና አንጸባራቂው አንድ ንብርብር ስለ ነበሩ፣ ሲወለወሉ ቀለሙ ራሱ በጨርቁ ላይ ይወጣል፤ ነጭ መኪና ነጭ፣ ቀይ መኪና ቀይ ያነክራል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ ግልጹ ልባስ ሲስፋፋ ግን የሚነሣው ነገር ቀለም አልባ ሆነ። ምን ያህል እንደ ተወሰደ ጨርቁ አይመሰክርም። ሠራተኛው በዓይኑ የማያየውን ነገር እየቀነሰ ይሠራል ማለት ነው፤ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከቆጣቢው ሥራ በፊት የሚመጣ ፈተናም አለ። የእኅቴ ትልቁ ልጅ ዋጋውን ሲሰማ «ገዢው እስኪያያት የሚያቆይ ነገር አይበቃም?» ሲል ጠየቀ። የሚያቆይ ነገር አለ። በብዙ መወልወያ ቅባት ውስጥ ያለው ዘይትና ሰም ወደ ጭረቱ ገብቶ ይሞላዋል፤ ብርሃኑም ሳይሰበር ያልፋል። መኪናዪቱ ለጥቂት ሳምንት እንደ አዲስ ታበራለች፤ የክረምት ዝናብና ሁለት ሦስት እጥበት ሲመጣ ግን ድሩ ከነበረበት ይነሣል። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል፤ እዚህ ግን ሰሙ ቢገፈፍ ከሥሩ የሚገኘው ጭረት ነው። ሰም በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ የተባለው ሰም ንጹሕ ቀለምን ከውኃና ከቆሻሻ ለመጠበቅ የታወቀ ነው። ነውሩ ሰሙ በጥበቃ ፈንታ ለመሸፈኛ ሲውል ነው። ወጣቱ ባለሙያ ሁለቱንም ሥራ፣ ሁለቱንም ዋጋ ሳይደብቅ ተናገረ፤ ቀጥሎም «ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ግን ለገዢው ንገሩት» አለ። የእኅቴ ልጅ አቀርቅሮ ጥቂት አሰበና የመጀመሪያውን መረጠ።

ሥራው የተጀመረው በመለካት ነው። ባለሙያው የቀለም ውፍረት መለኪያውን በየቦታው አስጠጋ። ኮፈኑ 110 ማይክሮን፣ በሮቹ ከ115 እስከ 120፣ የግራው ፓራፋንጎ ከ300 በላይ፣ ጣራው ደግሞ 80 አነበበ። ቁጥሮቹ የመኪናዪቱን የሕይወት ታሪክ ተናገሩ። የግራው ፓራፋንጎ አንድ ጊዜ ተገጭቶ በስቱኮ ተሞልቶ እንደ ተቀባ ታወቀ፤ ውፍረቱም የስቱኮ እንጂ የልባስ ስላልሆነ የሚያስተማምን አልነበረም። ጣራው ደግሞ ምናልባት ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በሌላ እጅ ተወልውሎ ሳስቷል። መለኪያው ጠቅላላውን እንጂ የግልጹን ልባስ ብቻ ለይቶ አይነግርም፤ ቀሪውን የሚፈርደው የሠራተኛው ልምድ ነው። «ጣራውን አልነካውም» አለ። ምክንያቱንም አስረዳ፦ ልባሱ ቀለሙን ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ንጥረ ነገር አለበት። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ያለ ልክ የሳሳ ልባስም ጊዜውን ጠብቆ ነጭ ይሆንና ይላጣል። ዛሬ ያበራ ጣራ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ እከክ ሊረግፍ ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ እንደ ሊጥ በሚለጠጥ ልዩ ጭቃ በሳሙና ውኃ እያንሸራተተ አነሣ። የጎማና የፕላስቲክ ጠርዞችን በወረቀት ፕላስተር ሸፈነ። በኮፈኑ ላይም ወርዱና ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ለሙከራ ለየ። በመጀመሪያ በጣም ለስላሳውን ስፖንጅና ደካማውን ፖሊሽ ሞከረ፤ ጭረቱ በከፊል ቀረ። ያን ጊዜ ብቻ ወደ በረታው ኮምፓውንድ ተሻገረ። የዚህ ሥራ ሕግ ከደካማው መጀመር ነው፤ ከብርቱው የጀመረ ሰው ደካማው ይበቃ እንደ ነበር አያውቅም። በአተር መጠን ሦስት አራት ጠብታ አድርጎ፣ ማሽኑን በዝግታ እያንሸራተተ፣ አንዱን መስመር በሌላው ግማሽ ላይ እያሳረፈ ሄደ። በቀጥታ ብቻ የሚሽከረከረው ማሽን ቶሎ ይቆርጣል፤ ነገር ግን ሙቀት ይፈጥራል፣ ባልሠለጠነ እጅም የራሱን የብርሃን ጅራት ይተዋል። እየተሽከረከረ የሚወዛወዘው ግን ዘገምተኛና ይቅር ባይ ነው። ባለሙያው ይህን ሁለተኛውን ያዘ። እያንዳንዱን ቦታ ሲጨርስ ዘይቱን በአልኮል ጠርጎ በመብራቱ መረመረ። አልኮሉ የሸፈነውን ሁሉ ስለሚያነሣ፣ የቀረው ብርሃን እውነተኛው ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን እኅቴ ቡናና ቁርስ ይዛ መጣች። ባለሙያው ልዩነቱ እንዲታይ በኮፈኑ መካከል ፕላስተር ለጥፎ ግማሹን ብቻ ጨርሶ ነበር። በአንድ ወገን ጥቁር ሰማያዊው እንደ ጠለቀ ውኃ ጸጥ ብሏል፤ በሌላው ወገን ድሩ እንዳለ ነው። ልጆቿ ትደሰታለች ብለው ፊቷን ያዩ ጀመር። እርሷ ግን ለብዙ ጊዜ ቆማ ዝም አለች። ከዚያ ጭረት ወዳለበት ወገን አመለከተችና «ይህኛው የእሱ እጅ ነው» አለች።

መልስ የሰጠ አልነበረም። ክቦቹ የብርሃኑ ሥራ እንጂ የፎጣው ዙር አለመሆናቸውን ከጥቂት ሰዓት በፊት ተምሬአለሁ፤ ይህን መናገር ግን ተገቢ ሆኖ አልታየኝም። ጭረቶቹ በእርግጥ የእሳቸው ነበሩ። በየማለዳው የተደረገ የሃያ ዓመት ጥንቃቄ በሌላ በምን ዓይነት ጽሑፍ ሊጻፍ ይችል ነበር? ባለሙያው ማሽኑን መሬት ላይ አስቀመጠና «እናቴ፣ እንዲቀር የሚፈልጉት ቦታ ካለ ይንገሩኝ፤ እተወዋለሁ» አላት። ትልቁ ልጅ ስለ ዋጋው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። እኅቴ ቡናውን ለሁላችንም ቀድታ ስታበቃ «ጨርሰው፤ የልጄ ትምህርት ይበልጣል» አለች። «ጣራውን ግን አልነካውም፤ ስስ ነው» ቢላት፣ «እሱ ይበቃል» ብላ መለሰች። ከኋላ ሳጥን ውስጥ የነበረችውንም የፎጣ ቁራጭ አጣጥፋ በቦርሳዋ ይዛት ሄደች።

መኪናዪቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሸጠች። የእኅቴ ልጅ የጣራውን ጉዳይ ለገዢው ሳይጠየቅ አስረዳ። ገዢው ከዋጋው ጥቂት አስቀነሰ፤ ግን ገዛት። የተማሪዪቱ ክፍያም በጊዜው ተከፈለ።

ከዚያ ወዲህ በክፍሌ ውስጥ የተማሪ ሥዕል ሳርም የወጣቱ መለኪያ ትዝ ይለኛል። በላጲስ ደጋግሞ የተፋቀ ወረቀት ቃጫው ይነሣና ከዚያ ወዲያ ጥሩ መስመር አይቀበልም። መስመሩ ቢስተካከልም ወረቀቱ ሞቷል። የተማሪው ልብም እንዲሁ የተወሰነ ውፍረት ያለው ይመስለኛል። እርማት ሁሉ ከዚያ ውፍረት ላይ ይወስዳል። ይህ እርማትን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ጭረቱን ማስወገድ የሚገባበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ከመጀመራችን በፊት ስንት እንደ ቀረ መለካት፣ ከደካማው መሣሪያ መነሣት፣ ጥፍር የሚይዘውን ጥልቅ ጭረት አለዝቦ መተው፣ የሳሳውን ቦታ ደግሞ ጨርሶ አለመንካት የሙያው ግዴታ ነው። የሌላውን ድርሰት የሚያርሙ፣ አሮጌ ሥዕል የሚያጸዱ፣ በሰዎች ሥራ ላይ አስተያየት የሚሰጡ ሁሉ ይህ ጉዳይ ይመለከታቸዋል።

ከዚህም የሚበልጠው ለውልወላ አለመዳረግ ነው፤ ይህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መኪናን በደረቅ ጨርቅ አለመጥረግ፤ በጥላ ማጠብ፤ አስቀድሞ አቧራውን በውኃ ማውረድ፤ ሁለት ባልዲ አዘጋጅቶ አንዱን ለሳሙና፣ ሁለተኛውን ለስፖንጁ ማለቅለቂያ ማድረግ፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ፤ መሬት የወደቀን ጨርቅ ሳያጥቡ ዳግመኛ አለማንሣት። ውኃው ካልበቃ ደግሞ አቧራው እስከ ነገ ቢቆይ ይሻላል። የተቀመጠ አቧራ አይጭርም፤ የሚጭረው የተጎተተው ነው።